የጠፋው መስመር

በዚህ ዓመት የኮምፒዩተር ክበባችን ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሠራ። ተማሪ መጽሐፍ ሲወስድና ሲመልስ፣ ከሁለቱ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ይመዘገባል፤ ሁለቱም የሚጽፉት ግን አንድ ፋይል ላይ ነው። ሥራችን ተወደደልን፤ እኛም ኮራን። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ «መጽሐፉን መልሻለሁ» ሲል፣ ፋይሉ «አልመለሰም» አለ። እኛም ከልጁ ይልቅ ፋይሉን አመንን። እናቱ ሳይቀሩ ተጠርተው መጡ። ከሳምንት በኋላ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተገኘ።

ኮዱን መስመር በመስመር ብናነበውም ስህተት አጣንበት። መምህራችን «እስቲ በሁለቱም ኮምፒዩተር እኩል ሞክሩት» ሲሉን ነገሩ ተገለጠ። ሁለቱም ፋይሉን ያነብባሉ፤ የየራሳቸውን መስመር ይጨምራሉ፤ መልሰው ይጽፉታል። ያኔ ኋላ የጻፈው የቀደመውን መስመር ያጠፋዋል። ይህ የሽሚያ ስህተት ሬስ ኮንዲሽን ይባላል። አንድ ሰው ብቻ ሲሠራ አይታይም፤ ሁለት ሰው እኩል ሲደርስ ብቻ ብቅ ይላል።

መፍትሔው ፋይሉን መቆለፍ ነው። አንዱ ሥራውን እስኪጨርስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። እኛ ግን መጀመሪያ የቆለፍነው በሚጻፍበት ጊዜ ብቻ ስለነበር ስህተቱ አልጠፋም። ለካስ ተራውን የሚጠብቀው ኮምፒዩተር ቀድሞ ያነበበው ነገር በእጁ ላይ አርጅቷል። ስለዚህ ቁልፉን ከንባቡ በፊት አደረግነው።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የነበረ «ደርቲ ካው» የተባለ የሽሚያ ስህተት፣ ተራ ተጠቃሚ ማንበብ እንጂ መጻፍ ያልተፈቀደለትን ፋይል እንዲለውጥ ያስችል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ሲታረም፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ከ11 ዓመት በፊት ራሱ ሊያርመው ሞክሮ በደንብ እንዳላረመው ከእርማቱ ጋር ጽፎ አስቀመጠ። ይህን ስናነብ እኛም ጥፋታችንን መደበቅ እንደሌለብን ተሰማን።

ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቅነው። እናቱ ዘንድ ቤታቸው ድረስ ሄድን። «ልጄ እንደማይዋሽ አውቅ ነበር» አሉን፤ ከዚያም ሻይ አቀረቡልን።

ልጁ አሁን የክበባችን አባል ነው። አዲስ ፕሮግራም ስንጨርስ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች መሃል ተቀምጦ፣ በሁለቱም እጁ እኩል እየተጫነ የሚፈትንልን እሱ ነው።