ሁለት ቀን በሳቫና

እኛ በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። አንዳችን ሌሊት፥ አንዳችን ቀን የምንሠራ ስለ ሆንን፥ በአንድ ቤት እየኖርን የምንነጋገረው በደጃፍ ስንተላለፍ ብቻ ነበር። በዚህ መካከል ለባልየው በሌላ ግዛት ደመወዙ ከፍ ያለ የሁለት ዓመት ሥራ ተገኘለት። የቤታችን ዕዳ ብዙ ነውና ነገሩ የሚናቅ አልነበረም። ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን በጸጥታ ለመምከር፥ ልጆቻችንን ለአያታቸው አደራ ሰጥተን ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሳቫና ተነሣን። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሜከን ከተማ ወዲያ ጥድ በጥድ ስለ ሆነ ብዙ የሚነገርለት አይደለም።

ከተማዪቱን ጄምስ ኦግልቶርፕ የተባለ እንግሊዛዊ በ1733 ዓ.ም. በሳቫና ወንዝ ዳር ቈረቈራት (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። የቈረቈረበትም ሥርዓት እስከ ዛሬ ይታያል። ይኸውም በየጥቂቱ ርቀት አንድ አደባባይ አለ፤ ከአደባባዩ ምሥራቅና ምዕራብ ለቤተ ክርስቲያንና ለሕዝብ ጉዳይ፥ ከሰሜንና ከደቡብ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት የተመደበ ቦታ ነው። ከነበሩት 24 አደባባዮች 22 ቀርተዋል። በኦኮቹ ቅርንጫፍ ላይ፥ በአገራችን የዛፍ ሽበት የምንለውን የሚመስል ሐረግ ተንዠርግጎ ስለሚታይ፥ መንገዱ ሁሉ ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ይመስላል። ይህ ሐረግ የአናናስ ዘመድ ነው ቢሉን አላመንንም ነበር፤ ነገር ግን እውነት ነው።

ከአደባባዮቹ አንዱ ኤሊስ ይባላል። የቀድሞው ገበያ በ1954 ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ተሠራበት። በዚህ ያዘኑ ሰባት ሴቶች በ1955 ማኅበር አቋቁመው፥ ሊፈርስ የነበረውን የዳቬንፖርትን ቤት አዳኑ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ቤት ከመፍረስ ተረፈ። መኪና ማቆሚያው ራሱ በኋላ ፈርሶ አደባባዩ በ2010 ተመለሰ። እኛም መኪናችንን የምናቆምበት አጥተን ስንዞር ስለ ነበር፥ የሰባቱን ሴቶች ሥራ ለማመስገን ጥቂት ዘገየን።

ከሰዓት በኋላ በፍራንክሊን አደባባይ ወደምትገኘው የአፍሪካውያን የመጀመሪያዪቱ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ገባን። የጆርጂያ መሥራቾች በ1735 ባርነትን ከልክለው ነበር፤ ክልከላው ግን በ1751 ተሻረ። ይህችንም ቤተ ክርስቲያን በባርነት የነበሩ ሰዎች ቀን ለጌቶቻቸው ሠርተው ማታ ማታ ጡብ እየደረደሩ በ1859 ፈጸሟት። ከታች ባለው ክፍል የወለሉ ሳንቃ በመስቀል ቅርጽ ተበሳስቷል። እንደሚነገረው፥ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች በወለሉ ሥር ሲደበቁ የሚተነፍሱበት ነው። አጎንብሰን እጃችንን በቀዳዳው ላይ አኖርን። ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር መጣ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ከከተማው በስተ ምዕራብ፥ ቀድሞ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ወደ ነበረው ስፍራ ሄድን። እዚያ ያለው በ2008 የቆመ የመታሰቢያ ሰሌዳ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በተፈጸመችበት በዚያው በ1859፥ ማርች 2 እና 3 ቀን፥ ፒርስ በትለር የተባለ ባለ ርስት ዕዳውን ለመክፈል 436 ሰዎችን በዚህ ለሽያጭ አቀረበ። ሁለቱንም ቀን ዝናም ይዘንም ነበርና ጊዜው የልቅሶ ጊዜ ተባለ። ባልና ሚስት እንዳይለያዩ ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ሊጋቡ ያሰቡትን የሚጠብቅ ሕግ አልነበረም። ገዢ መስሎ የገባ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ እንደ ጻፈው፥ ጄፍሪ የተባለ የ23 ዓመት ጐልማሳ ዶርካስ የምትባለውን ይወድ ነበር። እርሱ ከተሸጠ በኋላ ገዢውን እርሷንም እንዲገዛለት ለመነው። እርሷ ግን ከሌሎች ጋር በአንድነት የምትሸጥ ሆነችና ሰውየው ተወው። በማግስቱ ተለያዩ።

በሰሌዳው ፊት ብዙ ቆምን፤ አልተነጋገርንም።

ከዚያ ተመልሰን በማዲሰን አደባባይ ያለውን የግሪንን ቤት አየን። ጄኔራል ሸርማን በዲሴምበር 1864 ከተማዪቱን ይዞ ያረፈበት ነው። በጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ሃያ ጥቁር ሰባክያን በዚህ ቤት ከጄኔራሉና ከጦር ሚኒስትሩ ጋር ተቀመጡ። አፈ ጉባኤያቸው የ67 ዓመቱ ጋሪሰን ፍሬዚየር ነበር፤ ለሕዝቡ ምን እንደሚበጅ ቢጠየቅ፥ በገዛ ድካማችን አርሰን የምንኖርበት መሬት ነው ብሎ መለሰ። ከአራት ቀን በኋላ ለየቤተ ሰቡ እስከ 40 ኤከር መሬት እንዲሰጥ ትእዛዝ ወጣ፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ግን ዓመቱ ሳያልቅ መሬቱን ለቀድሞ ባለቤቶቹ መለሰው። ይህ ሰው ከጦርነቱ በፊት ራሱንና ሚስቱን በ1000 ዶላር ወርቅና ብር ገዝቶ ነፃ ያወጣ ነው። ስንት ዓመት እንዳጠራቀመው በልባችን እየቈጠርን ወጣን።

የእኛ ጉዳይ ከእነዚህ ሰዎች ኀዘን ጋር እንደማይተካከል እናውቃለን፤ ማንም አይሸጠንም፥ ማንም አያስገድደንም። ቢሆንም ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ በዚያ ለዐይን በማይስበው የጥድ መንገድ፥ ሚስት፦ «እኛን የሚለየን እኮ የለም፤ ስለ ምን ራሳችን እንለያያለን?» አለች። ባልም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ዕዳውስ?» አለ። እስከ ሜከን ድረስ ስለ ዕዳው አሰብን፤ አንደኛውን መኪና መሸጥ፥ ሌሊት የሚሠራውንም ወደ ቀን ማዛወር እንደሚቻል ተስማማን።

ቤት ስንደርስ ልጆቹ ተኝተዋል፤ አያታቸው ግን ሽሮውን እሳት ላይ ጥደው ይጠብቁን ነበር። ሦስታችን ከአንድ ገበታ በላን። ማክሰኞ ዕለት ለአሠሪው የምስጋናና የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍን።