ከረሜላዋን ያቆየችው ልጅ

«ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች?» የምትሉ ወላጆች ሆይ፣ ይህን ስሙ። ለታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ወደ ሐዋሳ ስንወርድ፣ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ወደሚመረትባት ወደ ወንጂ ጎራ ብለን ነበር። አገዳው እንዴት እንደሚጨመቅ፣ ጭማቂውም እንዴት እንደሚፈላ አየን፤ ለልጆቹም ከረሜላ ተሰጣቸው። ሐዋሳ ስንደርስ መሽቶ ነበር። የ6 ዓመቷ ልጃችን «ነገ እቆርባለሁ» ብላ ከረሜላዋን ለእናቷ አስረከበች። ማንም አላዘዛትም።

በማግሥቱ ነጠላ በለበሰው ምእመን መካከል ሥጋ ወደሙን ተቀበለች። ከበዓሉ በኋላ ሐይቁን፣ አሞራ ገደልን፣ የታቦርን ተራራ አሳየናት። «ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን የገለጠው እዚህ ነው?» ስትል ጠየቀች። ያኛው በገሊላ እንደሚገኝ፣ ይህኛው ግን ስሙን እንደ ወረሰ ነገርናት። ከረሜላዋን እየመጠጠች ተራራውን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው።