ትዕግሥት፦ 95 በመቶ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ተመርቃ «ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ» ብላ ሲቪዋን በቴሌግራም ላከችልኝ። በግራ በኩል ጉርድ ፎቶዋ አለ። በእሱ ቅሬታ የለኝም፤ ጉርድ ፎቶ ከቀበሌ መታወቂያ ጀምሮ አብሮን የኖረ ነው። አሜሪካኖቹ አድልዎን ፈርተው ቀጣሪ ፎቶ ባይጠይቅ ይመረጣል ቢሉም፣ እኛ ዘንድ ፎቶ የሌለው ማመልከቻ ወላጅ እንደሌለው ይታያል። ያናደደኝ ከፎቶው ሥር የተደረደረው ሰማያዊ ባር ግራፍ ነው። አማርኛ 90 በመቶ፣ እንግሊዝኛ 85፣ ሲዳምኛ 70፣ ኤክሴል 80፣ ትዕግሥት 95።

ሐዋሳ ተወልዳ ሐዋሳ ያደገች ልጅ ናት። ከአማርኛዋ የጎደለው 10 በመቶ ምኑ ይሆን? ቅኔው? ትዕግሥቷንስ ማን ለካው? እናቷ ብትጠየቅ 30 አትሞላላትም።

ማመልከቻ በወረቀት፣ ከነማይመለስ ፎቶ ኮፒው የሚቀበል መሥሪያ ቤት ዛሬም ስላለ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አጠገብ ካሉት የጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ወሰድኩት። ስለ ባሮቹ ሳጉረመርም ልጁ «ጋሼ፣ ያለ ግራፍ እኮ ባዶ ይመስላል፤ አሁን ሁሉም በካንቫ ነው» አለኝ። ካንቫ እ.ኤ.አ. በ2013 አውስትራሊያ ውስጥ ሥራ የጀመረ መተግበሪያ ነው። ቅርጹን አሰናድቶ ያቀርባል፤ ባሩን ጎትቶ ማስረዘም የአመልካቹ ፋንታ ነው። ማሽኑ ኮፒውን ሲተፋው ሰማያዊውም፣ ግራጫው ክፍትም አንድ ላይ ጠቁሮ ወጣ። ባሩ ውስጥ በደብዛዛ ቀለም የተጻፉት ቁጥሮችም አብረው ጠፉ። ልጅቷ በአንድ ገጽ ኮፒ በሁሉም ነገር መቶ ከመቶ ደረሰች።

ያኔ ነው ድሮ ያነበብኩት አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ ባር ግራፍ የተወለደው መረጃ ጠፍቶ ነው የሚል። ቤት ገብቼ አገላበጥኩ። እውነት ነው።

ዊልያም ፕሌይፌር የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው የንግድ አትላስ ውስጥ ንግዱን የሚያሳየው ከዓመት ዓመት በሚጓዝ መስመር ነበር። የገዛ አገሩ ስኮትላንድ ላይ ሲደርስ እጁ ላይ የነበረው የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ሆነበት፤ ከ1780 ገና እስከ 1781 ገና። በአንድ ዓመት ደግሞ ምን መስመር ይሰመራል? ቢቸግረው ስኮትላንድ የምትነግድባቸውን 17 ቦታዎች ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ባር አስተኛ። ሰውየው ግን በዘፈቀደ አላስረዘመም። ባሮቹን በሚቆርጡት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት 10 ሺህ ፓውንድ ነው። ወደ ውጭ የተላከው ድፍን ጥቁር፣ የገባው ባለ ሰረዝ። እኛ ሰፈር ኮፒ ቤት ቢገባ እንኳ አንዱ ከሌላው ሳይደባለቅ ይወጣል።

የፕሌይፌር የራሱ ሲቪ ግን ቀጣሪ የሚያስበረግግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1777 የእንፋሎት ሞተሩ የጄምስ ዋት ንድፍ ሠሪ ሆኖ ተቀጠረ። ወጥቶ የብር ዕቃ ንግድ ጀመረ። ቀጥሎ ፓሪስ ላይ የአሜሪካ መሬት በሚቸበችብ ኩባንያ ውስጥ ገባ፤ ገዢዎቹ ውቅያኖስ ተሻግረው ሲደርሱ በእጃቸው ያለው ሰነድ መሬት የማያስገኝ ሆኖ አገኙት። ኋላም በዕዳ ታስሯል። «ታማኝነት» የሚል ባር ሙላ ቢባል ምን ያህል ይጎትተው እንደነበር ማየት ነበር።

የለም፣ ፊተኛው ፕሌይፌር አይደለም የሚሉም አሉ። በኦክስጅን ስሙ የሚነሣው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ከእሱ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1765፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ የታሪክ ሰዎችን ዕድሜ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ በመስመር አስፍሯል። የአንዱ ሰው ዕድሜ፣ አንድ መስመር። እኔ ለዚህኛው አደላለሁ፤ ለሲቪ የሚቀርበው እሱ ነው። ደግሞ ጨዋነቱ! የተወለደበት ወይም የሞተበት ጊዜ በውል ያልታወቀ ሰው ሲያጋጥመው መስመሩን ትቶ ነጥብ ነጥብ ያደርግለታል። የእህቴ ልጅ ኤክሴልም ከ40 በኋላ ነጥብ ነጥብ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ።

የሚገርመው፣ በአገራችን የተመራቂ ዕውቀት በእርግጥም በመቶኛ ይለካል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ነው። እሷ 71 አምጥታለች። ይህንን ማንም ያልጎተተውን ቁጥር ግን ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ወሽቃዋለች፤ ባር እንኳ አልተሰመረለትም።

እዚሁ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። አቶቴ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ሲቪ ሲመጣለት ምን እንደሚያይ ጠየቅሁት።

«መጀመሪያ የመውጫ ፈተናውን፣ ከዚያ ጂፒኤውን፣ ከዚያ ስልኩን» አለ።

«ፎቶውንስ?»

«ለፈተና የመጣው ራሱ መሆኑን አመሳክርበታለሁ።»

«ባሮቹንስ?»

«የቱን ባር?»

እሱን ያማረረው ሌላ ነው። ስልክና ኢሜይል የሚሉት ቃላት ቀርተው በትንንሽ ሥዕል ተተክተዋል፤ ሥዕሉ ኮፒ ሲደረግ ይጠቁርና አጠገቡ ያለውን ቁጥር ይበላዋል። በቀደም የአንዱ አመልካች ስልክ መጨረሻው 6 ይሁን 8 አልለይ ብሎት ሁለቱንም ሞከረ። በ8ቱ ላይ አንድ ሽማግሌ አነሡ። ለፈተና እንዲቀርቡ ሲነግራቸው እስኪጨርስ በጥሞና ሰሙትና፣ «ሥራስ ይቅርብኝ ልጄ፤ ጡረታዬን የምታስጨምርልኝ ከሆነ ግን አሁኑኑ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ» አሉት።