«ስልኩ ሞላብኝና አጠፋሁት»

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ስልክ ነው። ታገሱኝ፣ ከጤና አይርቅም።

አንዲት እናት ዓይነት 1 ስኳር ያለበትን የ9 ዓመት ልጃቸውን ለክትትል ይዘው መጡ። ልጁ ሌሊት በላብ ተጠምቆ ይነቃል አሉኝ። እንዲህ ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው የስኳር መውረድን ነው። በቀደመው ቀጠሮ የስኳር መመዝገቢያ አፕ እንዲያወርዱ ነግሬያቸው ስለነበር «እስቲ የሌሊቱን ቁጥር ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«ዶክተር፣ ስልኩ ሞላብኝና አጠፋሁት።»

የትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ ፎቶ በቴሌግራም አልወርድ ብሏቸው ነው። መዝገቡ ያለው ስልኩ ላይ ብቻ ስለነበር የሦስት ሳምንት ቁጥር ከአፑ ጋር አብሮ ሄደ። የሦስት ወሩ አማካይ የደም ምርመራ በእጃችን ነበር። ግን አማካይ አማካይ ነው። ሌሊት 55 ወርዶ ቀን 250 የሚወጣን ልጅ ደህና ሊያስመስል ይችላል። የማታውን ኢንሱሊን ለጥንቃቄ ትንሽ ቀንሼ፣ ለአንድ ሳምንት ሌሊትም እየለኩ ደብተር ላይ እንዲጽፉ ነገርኳቸው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። አፕ ሳዝ ስልካቸው 16 ጊጋ ባይት ብቻ መሆኑን አልጠየቅኩም። የመድኃኒት አለርጂ እንጠይቃለን፣ ስልክ ግን ማን ይጠይቃል?

ያን ቀን ማታ የዚያኑ አፕ በድረ ገጽ የሚሠራ ዓይነት በቤት ውስጥ ባለ አሮጌ ስልክ ሞከርኩት። ቦታ የሚይዝ አይመስልም፤ በክሮም ይከፈታል፣ በቃ። ትዊተርም በ2017 ያወጣው ቀላሉ የድረ ገጽ ዓይነት ከ1 ሜጋ ባይት በታች ነበር። ደስ አለኝ። ከዚያ ቁጥር እየጻፍኩ ስልክ ተደወለልኝ። አውርቼ ስመለስ ገጹ እንደ አዲስ ተከፈተ፤ የጻፍኩት የለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሁላችንም «ሚሞሪ» የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዕቃ የሚከማችበት መጋዘን ነው፣ ፎቶውም አፑም እዚያ ይቀመጣል። ሌላው ራም ነው፤ ስልኩ አሁን የሚሠራበት ጠረጴዛ በሉት። የሚወርደው አፕ መጋዘኑን ያጣብባል። የድረ ገጹ መጋዘኑን ይተውና ብሮውዘሩን ከነጓዙ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። ጠረጴዛው ትንሽ ሲሆን ስልኩ አንዱን ገጽ ያነሳዋል። በዚያ ላይ በድረ ገጽ የተመዘገበው ብሮውዘር ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ፣ ብሮውዘሩን ስታጸዱ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። አይፎን ላይማ ሳፋሪን እየተጠቀማችሁ አንድን ገጽ 7 ቀን ካልነካችሁት፣ ገጹ ያስቀመጠውን ራሱ ያጠፋዋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል፤ ሌሊት ስኳር ሲወርድ ኔትወርክ አይጠበቅም።

ስለዚህ ለክትባት ቀጠሮ ወይም ለአንድ ቀን መረጃ የድረ ገጹ ይበቃል። በየቀኑ ለሚመዘገብ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ግን የወረደው አፕ ይሻላል፤ ያውም በአካውንት ገብታችሁ መዝገቡ ሌላ ቦታ እንደሚቀመጥ ካረጋገጣችሁ በኋላ።

ቦታ ከጠበበባችሁ ቴሌግራም ላይ «ክሊር ካሽ» በሉ፤ ፋይሎቹ ቴሌግራም ዘንድ ስለሚቆዩ መልሳችሁ ታወርዳላችሁ። የጤና አፑ ላይ ግን «ክሊር ዳታ» የሚለውን እንዳትነኩ፣ እሱ መዝገቡንም ይጠርጋል።

እናትየው በሳምንቱ ደብተሩን ይዘው ተመለሱ። ሦስት ሌሊት፣ ሁልጊዜ 9 ሰዓት ገደማ፣ ከ60 በታች ነበር። ኢንሱሊኑን አስተካከልን። ካሹ ሲጸዳ 4 ጊጋ ያህል ተገኘና አፑም ተመልሶ ተጫነ። ደብተሩን ግን አልተዉትም፤ አሁን የሚጽፈው ልጁ ራሱ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ።