አይቼና ወድጄ

ወዳጆቼ፣ በቤታችሁ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ካለ የሽያጭ ውሉን ተቀበሉትና አንብቡት። ብዙ ጊዜ አንዲት ዐረፍተ ነገር ታገኙበታላችሁ፤ ገዢው መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቶና ወዶ እንደገዛ የምትናገር። ሻጭ ይወዳታል፣ ገዢም ብዙ ሳያስብ ይፈርምባታል። መኪናው የተበላሸ ዕለት ግን ክርክሩ ሁሉ በእርሷ ዙሪያ ይሆናል። ለእኛ ለአማኞች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመርበታል፦ በግብይት የተታለለ ክርስቲያን መብቱን ይጠይቅ ወይስ «ለጌታ ትቼዋለሁ» ብሎ ዝም ይበል?

ጉዳዩ የጥቂት ብር ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዋጋውም የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ጥሪት ነው። አጎቴ እዚሁ አዳማ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የዕቁብ ገንዘባቸውን ልጃቸው ከላከችው ጋር ደምረው ከአንድ የመኪና ነጋዴ ቪትዝ ገዙ። መካኒክ ይዘን ሄደን ነበር፤ አዳማን ዞርንባት፣ ምንም አላለችም። ከተማችን ግን ሜዳ ላይ ናት።

በሦስተኛው ቀን ለለቅሶ ወደ አሰላ ወጣን። ያ መንገድ ከስምጥ ሸለቆው ወለል፣ ከ1,600 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። መልካሳንና ዴራን አልፈን ወደ ኢተያ ሽቅብ ስንያያዘው የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ፈላ። መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ አዳማ ተመለሰች። ጋራዥ ስትከፈት የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ራዲያተሩ ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት ተገኘ፣ ብሎኖቹም በቅርቡ ተፈትተው እንደታሰሩ መካኒኩ አሳየን። ችግሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር ማለት ነው።

ወሬው ሲሰማ ምክር ከሁለት በኩል መጣ። ግማሹ «ክሰሱት!» አለ። ሌላው፣ ነጋዴውም የሌላ አጥቢያ አማኝ መሆኑን ያወቀው ወገን፣ «ተዉት፣ ጌታ ይመልስልዎታል» አለ። ይህ ሁለተኛው ወገን ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ይጠቅስ ነበር፤ ወንድም ወንድሙን በፍርድ ቤት ከሚከስ ቢበደል እንደሚሻል የሚናገረውን።

እኔ ግን ያንን ምዕራፍ ደግማችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። ጳውሎስ በዚያው ስፍራ በወንድሞች መካከል የሚዳኝ አንድ አስተዋይ ሰው እንኳ እንዴት ይጠፋል ብሎ ይወቅሳል። ነገሩ ይታይ፣ ይመርመር እያለ ነው። በደልን መሸከም የተበደለው ሰው ራሱ ሲመርጠው መሥዋዕት ነው። ያልተበደልነው እኛ ከዳር ቆመን ስናዝዝበት ግን በዳዩን እንሸሽጋለን።

አጎቴ ሁለቱንም ምክር በአክብሮት ሰሙና በዚያው ቀን ወረቀት አነሡ። የመኪናዋን ጉድለት፣ የታየበትን ቀንና መካኒኩ ያገኘውን በአንድ ገጽ ጽፈው ቅጂውን አስቀሩ፣ ዋናውን ለነጋዴው በእጁ ሰጡት። ይህን ልብ በሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢ የገዛውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ለሻጩ ወዲያው እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዝም ብሎ የቆየ ሰው መብቱ ሊያልፍበት ይችላል። ያቺ የ«አይቼና ወድጄ» ዐረፍተ ነገርም ሁሉን አትሸፍንም፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ፣ ከኃላፊነት የሚያድነው የውል ቃል ዋጋ እንደማይኖረው ሕጉ ይናገራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ገዢ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

ደብዳቤውን ሲሰጡት ብቻቸውን ነበሩ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጌታ ያስተማረው ቅደም ተከተል ይህ ነውና፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ አልሰማ ሲል አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ። ነጋዴው «ጋሼ፣ አይተው ወደው ነው የገዙት» ብሎ ሸኛቸው። በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከነጋዴው አጥቢያ አንድ፣ ከአጎቴ ዕድር አንድ፣ ሁለቱም የሚያከብሯቸው አንድ የኦሮሞ አባት። በአካባቢያችን ይህን ጃርሱማ እንለዋለን።

እኚያ አባት በመጀመሪያ ስድብን ከለከሉ። እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውን ብቻ እንዲናገር አደረጉ፤ ሰምቻለሁ፣ ይመስለኛል የሚል ቃል እንዳይገባ። ሁለቱም ከጨረሱ በኋላ ወደ ነጋዴው ዞረው «ልጄ፣ ከመሸጥህ በፊት በዚህች መኪና ቤተሰብህን ጭነህ አሰላ ለመውጣት ትደፍር ነበር?» ብለው ጠየቁት።

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ «አልደፍርም ነበር፣ አባ» አለ።

ክርክሩ ያኔ አለቀ፤ የቀረው ሒሳብ ነበር። ነጋዴው ገንዘቡን ሌላ መኪና ላይ አውሎት ስለነበር ሽያጩን ማፍረስ አልተቻለም። የራዲያተሩን፣ የጓርኒሲዮኑንና የሌላውን ዕቃ ዋጋ እርሱ ሊከፍል፣ የእጅ ዋጋውን አጎቴ ሊችሉ ተስማሙ። ስምምነቱ ተጽፎ ተፈረመ፤ በሕጋችን እንዲህ ያለ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናልና። ነጋዴው በሁለት ጊዜ ከፍሎ ጨረሰ። አጎቴ ኪሳራቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰላቸውም። ቢሆንም የተዉትን ያህል የተዉት ምን እንደተደረገባቸው ከታወቀ በኋላ፣ በፈቃዳቸው ነው። ይቅርታ የምንለው ይህን ይመስለኛል።

ዕርቅ እንግዲህ ደብዳቤና ምስክር፣ አንዳንዴም ደፋር ጥያቄ ይፈልጋል። እውነቱ ሳይነገር «ታረቁ» የተባሉ ሰዎች በየጉባኤው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲዘምሩ ዓይን ለዓይን እንደማይተያዩ እናንተም ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለት ዓመት በኋላ አጎቴ መኪናዋን ሊሸጡ ሲነሡ ደላላው «የቴስታታውን ነገር አያንሡ፣ ዋጋ ይወርዳል» አላቸው። እሳቸው ግን ቴስታታዋ ተፈትቶ እንደተጠገነ፣ ራዲያተሩም እንደተቀየረ ውሉ ላይ አስጻፉ። ዋጋውም እንደተባለው ወረደ። ገንዘቡ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ደስ ብሏቸው የወጡ አይምሰላችሁ። መጽሐፈ ምሳሌ ሐሰተኛ ሚዛን የያዘውን ሻጭ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃውን እያጣጣለ በርካሽ ገዝቶ ከሄደ በኋላ የሚኩራራውን ገዢም ያውቀዋል። ዛሬ የተታለለው ነገ ሻጭ ሲሆን ፈተናው ይገለበጣል።

እናንተ ገና መኪና አትሸጡ ይሆናል። ስልክ ግን ትሸጣላችሁ፣ ላፕቶፕና ሞተር ብስክሌትም ትሸጣላችሁ። ባትሪው እኩለ ቀን ላይ እንደሚያልቅ፣ ካሜራው አንዳንዴ እንደሚጨልም የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ገዢው እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ብሩን ከመቀበላችሁ በፊት ንገሩት።