የቡጎሎቢ ወርቅማ ዓሦች

በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ በመምህርነት ስሠራ፣ ቡጎሎቢ በተባለው ሠፈር የተከራየሁት ቤት በጓሮው በሲሚንቶ የተገነባች ኩሬ ነበረችው። በውስጧም ስድስት ወርቅማ ዓሦች ይኖሩ ነበር። ጅራታቸው እንደ ነጠላ ጫፍ የተዘናፈለ፣ ሆዳቸው የተድቦለቦለ፣ ሲዋኙም የሚንገዳገዱ ነበሩ። የቤቱ ባለቤት ቁልፉን ሲያስረክበኝ ዓሦቹንም አብሮ አስረከበኝ።

ወርቅማ ዓሣ ከሺህ ዓመት በፊት በቻይና ከተራ ዓሣ እየተመረጠ የተገኘ ለማዳ ፍጥረት ነው። ስለ አያያዙ የሚናገሩት መጻሕፍት አብዛኞቹ በቀዝቃዛ አገር ሰዎች የተጻፉ በመሆናቸው ስለ ክረምት አብዝተው ያትታሉ። እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ማንሳት ግድ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና ደመና ነው፤ ውርጩ የሚመጣው ግን ሰማዩ ከጠራ በኋላ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። በእነርሱ ዘንድ ክረምት የኩሬው ገጽ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ወራት ነው። ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለ ሆነ ይኸው ውኃ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ በረዶውም ከላይ ይንሳፈፋል። ዓሣው ምግቡን ትቶ ከሥር ጸጥ ብሎ ይከርማል። ባለቤቱም አየር እንዲተላለፍ በበረዶው ላይ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ይህንንም የሚያደርገው በመዶሻ ሳይሆን የፈላ ውኃ የያዘ ድስት በላዩ በማስቀመጥ ነው፤ የመዶሻው ምት በውኃው ውስጥ አልፎ ዓሣውን ይጎዳልና። ሆዳቸው የተድቦለቦለው ዝርያዎች ግን ብርዱን ስለማይችሉት ብዙውን ጊዜ ወደ ቤት ይገባሉ።

ቡጎሎቢ ለምድር ወገብ እጅግ የቀረበ ሠፈር ነው። በዚያ ለዓሦቹ የዕረፍት ወራት የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይበላሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ውኃውን ያቆሽሻሉ። ከዚህም በላይ ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ በ10 ዲግሪ በሊትር 11 ሚሊግራም ገደማ የሚይዘው ውኃ፣ በ25 ዲግሪ 8 ያህል ብቻ ይይዛል። ሌሊት ደግሞ ዋቅላሚው ኦክስጅን መስጠቱን ትቶ ከዓሦቹ ጋር ይሻማል። ስለዚህ አስጊው ሰዓት ሊነጋ ሲል ነው። ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ አፋቸውን ከውኃው በላይ አድርገው ሲያዛጉ ባየሁ ጊዜ፣ ውኃውን በባልዲ እየቀዳሁ ከከፍታ መልሼ አፈስ ነበር።

ዝናቡም የራሱ ጣጣ ነበረው። ካምፓላ በይበልጥ የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ኩሬዋ ሞልታ እንዳትወስዳቸው በውኃ መውጫው ቧንቧ ላይ ወንፊት ሽቦ አሰርሁ። በከተማው ዛፎች ላይ ለሚሰፍረው ለአባ ኮዳም መረብ ዘረጋሁ፤ ያን ወፍ ያላየ ሰው መረቡን እንደ ከንቱ ድካም ይቆጥረው ይሆናል።

የሥራ ዘመኔ ተፈጽሞ ልመለስ ስል፣ ባለቤቱ ኩሬዋን ደፍኖ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጋት ወሰነ። አንዲት በሠፈሩ የምትኖር ያገራችን ልጅ፣ «መምህር፣ ከታች ካለው ረግረግ ቢለቋቸውስ? እነርሱም ነፍሳቸው ይተርፋል፣ እርስዎም ያርፋሉ» አለችኝ። ምክሯ ከርኅራኄ የመነጨ ነበር። ነገር ግን የናኪቩቦ ረግረግ ውኃ የሚገባው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ በጌጥ ምክንያት የደረሰበትን መከራ አይቷል። እምቦጭ በአበባው ውበት ከደቡብ አሜሪካ ተወስዶ በየአገሩ ኩሬዎች የተተከለ ሣር ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቪክቶሪያ ሐይቅ ታየ፤ በ1990ዎቹም ለቡጎሎቢ ቅርብ የሆነውን የፖርት ቤል ወደብ ሸፍኖ መርከቦችን አገደ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ ሲታይ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ወርቅማ ዓሣም በሌሎች አገሮች ሐይቆች ተለቅቆ፣ ጭቃውን እያደፈረሰና የሌሎችን ዓሦች ዕንቁላል እየበላ ተራብቷል። በእርግጥ የእኔዎቹ ከአካሄዳቸው የተነሣ በመጀመሪያው ቀን የወፍ ምሳ ሳይሆኑ አይቀሩም ነበር፤ ይህን ግን እንደ መጽናኛ አልቆጠርሁትም።

ሠፈሩን ስጠይቅ ሰነበትሁ። በመጨረሻም ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር ጡረተኛ፣ ለልጅ ልጆቹ ሲል ከጓሮው የቆየ የውኃ ገንዳ አጽድቶ ጠበቀኝ። ገንዳውን በነበሩበት ውኃ እኩሌታ ሞላንና ዓሦቹን በሁለት ባልዲ አመጣናቸው። ሽማግሌው አጎንብሶ ሲመለከታቸው ከቆየ በኋላ፣ «በስንት ሰዓት ነው የምነሣው?» ሲል ጠየቀኝ።