አጋዡ

ኅዳር 3
ማዘዣው አውግመንቲን 625 የተባለውን አንቲባዮቲክ ይላል። ያለን 375 ብቻ ነው። «እህቴ፣ ሁለት ሁለት ብውጠውስ?» አሉኝ ሰውዬው። ሒሳቡ ልክ ይመስላል፤ አይደለም። 625ቱ 500 ሚሊግራም አሞክሳሲሊንና 125 ክላቩላኒክ አሲድ ነው፤ 375ቱ ደግሞ 250 እና ያው 125። ሁለቱ ሲደረቡ ክላቩላኒኩ እጥፍ ይሆናል፤ ሆድ የሚያስቀምጠው በአብዛኛው እሱ ነው። «ታዲያ ለምን ጨመሩበት?» ወረፋው ረዝሞ ስለነበር «አጋዥ ነው፣ ጋሼ» ብዬ ሌላ ፋርማሲ ጠቆምኳቸው።

ኅዳር 4
ክላቩላኒክ አሲድ ለብቻው ባክቴሪያ የመግደል አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መድኃኒት የተላመዱ ብዙ ባክቴሪያዎች ቤታ ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ይህም የአሞክሳሲሊንን ቀለበት መሰል መዋቅር ሰብሮ ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ክላቩላኒክ አሲድ ተመሳሳይ ቀለበት ስላለው ኢንዛይሙ መድኃኒቱን ያገኘ መስሎት ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ መላቀቅ የለም። አሞክሳሲሊኑ በሰላም ያልፋል።

የሚያስገርመኝ መነሻው ነው። ስትሬፕቶማይሲስ ክላቩሊጀረስ የተባለች የአፈር ባክቴሪያ የምትሠራው ነው። እንግሊዝ ውስጥ የቢቻም ኩባንያ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አገኙት፤ ከአሞክሳሲሊን ጋር ተጣምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ። ባክቴሪያዋ ሴፋማይሲን የተባለ የራሷ አንቲባዮቲክም አላት። ገዳዩንና አጋዡን አብሮ ማሰናዳት የቢቻም ሐሳብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ኅዳር 9
መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ሳይሠራ ያደረ የሕፃን አውግመንቲን ሽሮፕ ይዛ አንዲት እናት መጣች። ቀለሙም ሽታውም ያው ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ግን ቀድሞ የሚበላሸው ክላቩላኒኩ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ተራ አሞክሳሲሊን ሊሆን ይችላል። ይቀየር አልኳት። ዋጋውን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ፤ አልፈርድባትም።

ኅዳር 12
«ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ከጨመርኩበት ክኒኑን ባሳንሰውስ? ያም ከተፈጥሮ ነው» አሉኝ አንዲት እናት። ነገሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ተክልም አጋዥ ሊኖረው ይችላል። በርበሪስ የተባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ በርበሪን የተባለ ቢጫ ፀረ ባክቴሪያ አለው፤ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ግን ሴሉ ላይ ባለው ፓምፕ መልሶ ይተፋዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ያው ተክል ፓምፑን የሚዘጋ ሁለተኛ ውሕድ እንዳለው አሳየ። ያ ውሕድ ግን እስካሁን መደርደሪያችን ላይ አልደረሰም፤ ከላቦራቶሪ ወደ ክኒን መንገዱ ረጅም ነው።

«ሽንኩርቱን ወጥ ላይ ያድርጉት፣ እማማ» አልኳቸው። «ክኒኑ ግን በየ8 ሰዓቱ ነው፤ እስኪያልቅ።»

«ወጡ ላይማ መች ጠፍቶ» ብለው ሳቁብኝ።